«ቡና አማረኝ» ያለ ሰው ጃፓንኛ ጀምሯል፦ ፍላጎትን በጃፓንኛ ስለ መግለጽ

(ጃፓንኛ ለጀመሩና ለትምህርት ወደ ጃፓን ለሚጓዙ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከትምህርት በኋላ ድካማችሁን ችላችሁ ስለ ሰዋስው ለመስማት እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰዋስው ተብሎ አዳራሽ የሚሞላበት ምሽት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አዘጋጆቹ እንደነገሩኝ ከመካከላችሁ ገሚሶቹ የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ደርሷችሁ ለጉዞ እየተሰናዳችሁ ነው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ካና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደላት፣ ሂራጋናንና ካታካናን፣ ጨርሳችሁ ለኤን 5 (ለጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የጀማሪ ደረጃ) እየተዘጋጃችሁ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለጀማሪ ነው።

ርእሳችን ፍላጎትን መግለጽ ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ»፤ «መሄድ እፈልጋለሁ»፤ «እህቴ ስልክ ትፈልጋለች»፤ «ጓደኛዬ እንዲመጣ እፈልጋለሁ»። በአማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ጨረስነው፤ አይደለም እንዴ? በጃፓንኛ ግን እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች አራት ልዩ ልዩ አሠራር አላቸው። ብዙ ተማሪ አራቱን ለየብቻ ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ከሰው ጋር ሲነጋገር ግን ይደባለቁበታል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አራቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ነው። ሥሩም ይህ ነው፦ በጃፓንኛ መፈለግ ሰውን የሚሰማው ስሜት እንጂ ሰው የሚሠራው ሥራ ተደርጎ አይነገርም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ንግግሬ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛው ስለ ራሳችን ፍላጎት ስንናገር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሌላ ሰው ፍላጎት ስንናገር ነው፤ ሦስተኛው ፍላጎትን ለሌላ ሰው ስናቀርብ፣ ማለትም ስንጠይቅ፣ ስንጋብዝና ስንለምን ነው። በሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አራት ደረጃዎች ነበሩት፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ አምስት ሆነዋል፤ ነገር ግን በአንዱም ደረጃ የመናገር ፈተና የለም። ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብና ማዳመጥ ናቸው የሚፈተኑት። ሰውን በአክብሮት መጠየቅ መቻላችሁን የሚፈትናችሁ ኑሮው ራሱ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ጃፓንኛውን በሰሌዳው ላይ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ካና እንደ ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም የሚይዝበት ጽሕፈት በመሆኑ አለባበሱ አይከፋም። አናባቢ ሲረዝም አንድ ፊደል እጨምራለሁ፤ ሲጠብቅ ግን በቃል እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ጃፓኖች የሚጠብቀውን ድምፅ በትንሽ ምልክት ሲያሳዩ እኛ ለአንባቢው ትተነዋል። ማጥበቅን ከእናታችን ጋር የተማርን ሰዎች ነንና ሌላው የውጭ ተማሪ የሚቸገርበት ይህ ነገር እኛን አያስቸግረንም።

አንደኛው ነጥብ። «ሚዙ ጋ ሆሺይ ዴስ» ማለት ውሃ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሚዙ ውሃ ነው፤ «ዴስ» አነጋገሩን ትሕትና ያለብሰዋል። አሁን «ሆሺይ»ን ተመልከቱ። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ግሥ ሆኖ አታገኙትም፤ ቅጽል ነው። ጎረቤቶቹ «ታካይ» (ረዥም ወይም ውድ) እና «ሳሙይ» (ቀዝቃዛ አየር) ናቸው። ከፊቱ የቆመው ምልክትም ተሳቢን የሚያሳየው «ኦ» መሆኑ ቀርቶ ባለቤትን የሚያሳየው «ጋ» ሆነ። ለምን? ውሃውን የምፈልገው እኔ አይደለሁም እንዴ? ውሃው እንዴት ባለቤት ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው መምህር «ልማድ ነው፣ ሸምድዱት» ብሎ የሚያልፈው። እኔ ግን አላልፈውም፤ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና። «ያችን ብርቱካን እፈልጋለሁ» ስትሉ ብርቱካኗ ላይ «ን» አለች፤ ተሳቢ ናት፤ ግሡም ከእኔ ጋር ይሄዳል። «ያቺ ብርቱካን አማረችኝ» ስትሉስ? «ን» ጠፋች። ግሡ «አማረች» ብሎ ከብርቱካኗ ጋር ተስማማ። እኔ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ተለጠፍኩ፤ ስሜቱ የሚደርስብኝ ሰው ሆንኩ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣ አመመኝ የምንለው ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ጃፓንኛም «አታማ ጋ ኢታይ» ሲል ራሴን አመመኝ ማለቱ ነው፤ ያው «ጋ» እዚያም አለች። ስለዚህ «ሆሺይ» ስትሉ በአእምሯችሁ «እፈልጋለሁ»ን ትታችሁ «አማረኝ»ን አስቡ፤ «ጋ» ራሷ ትመጣለች። እርግጥ ነው፣ የእኛ «አማረኝ» ግሥ ነው፣ የእነሱ ቅጽል ነው፤ የእኛ ይበልጡን ለሚበላና ለሚጠጣ ነው፣ የእነሱ ለገንዘብም ለጊዜም ለመኪናም ያገለግላል። መንታ ናቸው አላልኩም፤ ዘመድ ናቸው ግን።

ቅጽል መሆኑ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ እንደ ቅጽል ይረባል። አልፈልግም ለማለት የመጨረሻዋን «ኢ» አንስታችሁ «ኩናይ» ትጨምራላችሁ፤ «ሆሺኩናይ» ይሆናል። ፈልጌ ነበር ለማለት «ሆሺካታ» ነው፣ «ታ» ይጠብቃል። አልፈለግኩም ነበር ለማለት «ሆሺኩናካታ» ነው፣ እዚያም «ታ» ይጠብቃል። «ታካይ»ን ማርባት የቻለ ሰው «ሆሺይ»ን ችሏል።

ይህ ዕቃን ስንፈልግ ነው። ድርጊትን ስንፈልግስ? ግሡን በ«ማስ» መልኩ ውሰዱ፤ «ማስ»ን ጣሉ፤ «ታይ»ን ቀጥሉ። «ኖሚማስ» እጠጣለሁ ነው፤ «ኖሚታይ» መጠጣት እፈልጋለሁ ነው። «ታቤማስ» «ታቤታይ» ይሆናል፤ «ኢኪማስ» «ኢኪታይ» ይሆናል። ያፈነገጡት ሁለቱ ግሦች እንኳ፣ «ሺማስ» (ማድረግ) እና «ኪማስ» (መምጣት)፣ እዚህ ላይ ሕጉን ያከብራሉ፦ «ሺታይ»፣ «ኪታይ»። መጨረሻው «ኢ» ሆነ፤ ስለዚህ ግሡ ወደ ቅጽሎች ሰፈር ገባ። «ኖሚታኩናይ»፣ «ኖሚታካታ»፣ «ኖሚታኩናካታ»። አዲስ የምትሸመድዱት ነገር የለም፤ የ«ሆሺይ» እርባታ ነው የተደገመው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። «ኮኦሂይ ጋ ኖሚታይ» እና «ኮኦሂይ ኦ ኖሚታይ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ቡና አማረኝ ለማለት ይቀርባል፤ ሁለተኛው መጠጣቱን ወደፊት ያመጣል፤ «ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ ረጋ ብዬ ቡና መጠጣት እፈልጋለሁ» ብላችሁ በቡናውና በ«ኖሚታይ» መካከል ብዙ ነገር ስታስገቡ «ኦ» ይሻላል። ይሁንና «ጋ» የምትተካው «ኦ»ን ብቻ ነው። ወደ ጃፓን መሄድ እፈልጋለሁ ለማለት «ኒሆን ኒ ኢኪታይ» ነው፤ «ኒ» ከቦታዋ አትነቃነቅም። ጓደኛዬን ማግኘት እፈልጋለሁ ለማለት «ቶሞዳቺ ኒ ኣይታይ» ነው። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ለማለት «ኢሻ ኒ ናሪታይ» ነው። «ታይ» ባዩበት ሁሉ «ጋ» የሚረጩ ተማሪዎች አሉኝና ነው ይህን የምለው፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሁለተኛው ነጥብ። እህቴ ስልክ ትፈልጋለች። «ኢሞኦቶ ዋ ኬይታይ ጋ ሆሺይ ዴስ» ልንል እንችላለን? አንችልም። ሰዋስዉ ተሰብሮ አይደለም፤ ጃፓናዊ ጆሮ «አንተ በእህትህ ውስጥ ያለውን በምን አወቅህ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። መፈለግ ስሜት ነው አልን አይደል? ስሜት ደግሞ የሚታወቀው ለባለቤቱ ብቻ ነው። የራሴን እናገራለሁ፤ የአንተን እጠይቅሃለሁ፤ የእርሷን ግን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። አማርኛ እዚህ ላይ ከጃፓንኛ ይለያል፤ እኛ ራበው፣ ጠማው፣ አማረው እያልን በሰው ሆድ ውስጥ እንደ ልባችን እንገባለን።

ታዲያ ጃፓኖች ስለ ሌላ ሰው ፍላጎት አይናገሩም? ይናገራሉ፤ በሚታየው ነገር በኩል ነው የሚናገሩት። በጃፓን ናጎያ ከተማ በምኖርበት ጊዜ ሰፈር ውስጥ ባለ ሱፐርማርኬት አንድ ሕፃን የብስኩት ፓኮ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። «ኮሬ ጋ ሆሺይ! ኮሬ ጋ ሆሺይ!» ይላል። ይህን እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። እናቱ ፓኮውን ከእጁ ለማስለቀቅ እየታገለች ነው። አያቲቱ ከወተቱ መደርደሪያ በኩል መጥተው ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁ እናቲቱ «ኦካሺ ኦ ሆሺጋቴሩ» አለቻቸው፤ «ቴ» ይጠብቃል፤ ጣፋጭ ፈልጎ ነው ማለቷ ነው። እዚያ በሁለት ሰዎች አፍ ሙሉ ትምህርቱን ሰማሁት። ልጁ የራሱን ስሜት በቅጽልና በ«ጋ» ተናገረ። እናቱ ያንኑ ፍላጎት በግሥና በ«ኦ» ተናገረች። በምን? «ጋሩ» የምትባለዋን ቅጥያ ጨምራ። «ጋሩ» ስሜቱ ከውጭ ሲታይ፣ በለቅሶ፣ በፊት፣ በሁኔታ ሲገለጥ የምትነገር ናት፤ ስሜቱን ወደ ድርጊት ትለውጠዋለች። ድርጊት ከሆነ ዘንድ ተሳቢ አለው፤ «ኦ» ትመለሳለች። አያችሁ? የእኔ ፍላጎት ስሜት ነው፤ የሌላው ፍላጎት በዓይን የማየው ድርጊት ነው።

ከ«ታይ» ጋርም እንደዚሁ ነው፤ «ኢኪታጋቴ ኢሩ» መሄድ ፈልጓል፣ መሄድ መፈለጉ ያስታውቃል ማለት ነው። ፍርሃትና ብርድም ይህንኑ ሕግ ይከተላሉ፤ «ሳሙይ» በረደኝ፣ «ሳሙጋቴ ኢሩ» በርዶታል፣ ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን አደራ፣ «ጋሩ»ን ለሕፃን፣ ለታናሽ ወንድም፣ ለድመት ተጠቀሙባት እንጂ ለፕሮፌሰራችሁ አትጠቀሙባት። ትልቅን ሰው እንደ ሕፃኑ ከውጭ እየታዘባችሁ ታስመስላለች። ስለ ትልቅ ሰው ስትናገሩ ራሱ ያለውን አስተላልፉ፤ «መሄድ እፈልጋለሁ ብለዋል» በሉ። ለእኩያም ቢሆን «ኢኪታይ ቶ ኢቴ ኢማሺታ» (መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፤ የ«ኢቴ» «ቴ» ይጠብቃል) ወይም «ኢኪታይ ሶኦ ዴስ» (መሄድ ይፈልጋል አሉ) ማለት ንጹሕ አነጋገር ነው።

በነገራችን ላይ «ያስፈልጋል» ሌላ ነው፤ እርሱ «ኢሪማስ» ነው። «ቢዛ ጋ ኢሪማስ»፣ ቪዛ ያስፈልጋል። እንለፈው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ብዙ የምቆይበት። ካፌ ገብታችሁ «ኮኦሂይ ጋ ሆሺይ ዴስ» ብትሉ አስተናጋጁ ይገባዋል፤ ነገር ግን ስለ ስሜታችሁ እንጂ ስለ ትእዛዛችሁ አልነገራችሁትም። ሲታዘዝ «ኮኦሂይ ኦ ኩዳሳይ» ወይም «ኦኔጋይ ሺማስ» ይባላል። የቆዩ የቡና ቤቶች ዝርዝር ላይ «ሞካ» የሚል ብታዩ ደግሞ እዘዙት፤ የየመኑ ወደብ ስም ይዞ ይዞር እንጂ ብዙውን ጊዜ የእኛው ቡና ነው።

ጥያቄ ላይ ችግሩ ይብሳል። እኔ በነበርኩበት ቤተ ሙከራ አንዲት የውጭ አገር ተማሪ፣ ትሑትና ደግ ልጅ፣ ቡና ልታፈላ ተነሥታ ፕሮፌሰሩን «ሴንሴይ፣ ኮኦሂይ ጋ ኖሚታይ ዴስ ካ» አለቻቸው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ አንድ የሰዋስው ስሕተት አታገኙበትም። ፕሮፌሰሩ ከኮምፒውተሩ ቀና አሉ፣ ጥቂት ዝም አሉ፣ ከዚያ «ኣ፣ ዳይጆኦቡ ዴስ» ብለው ተመለሱ፤ አይ፣ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነባር ተማሪ ስኒ ይዞ ገባና «ኮኦሂይ ዋ ኢካጋ ዴስ ካ» አላቸው፤ ቡና እንዴት ነው፣ ይሁንልዎ? ወዲያው ተቀብለው አመሰገኑት። ያው ቡና ነው! ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ በትልቅ ሰው ስሜት ውስጥ ገባና «አማረህ ወይ?» አለ፤ ሁለተኛው ቡናውን አቀረበ።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። እንግዳ ሲመጣባችሁ «ቡና ትፈልጋለህ ወይ?» ትሉታላችሁ? ብትሉትስ ጨዋ እንግዳ ምን ይላል? «አይ፣ ይቅርብኝ፣ አትቸገሩ» ይላል፤ ቢያምረውም ይላል። ይሉኝታ ይይዘዋላ! እናቶቻችን ለዚህ ነው ሳይጠይቁ ጀበናውን የሚጥዱት፤ «በሞቴ አንድ ስኒ» የሚሉት። ጃፓኖችም ይህንኑ ይሉኝታ «ኤንሪዮ» ብለው ይጠሩታል፤ ቋንቋቸውም ሰውን ወደ ኤንሪዮ እንዳይከት «ትፈልጋለህ ወይ»ን ከትልቅ ሰው ፊት ያርቃል። ለእኩያ ጓደኛ ግን «ናኒ ጋ ሆሺይ?»፣ ምን ትፈልጋለህ፣ ለልደትህ ምን ልግዛልህ ማለት ያው ወዳጅነት ነው። ስትጋብዙ ደግሞ «ኖሚማሴን ካ» በሉ፤ አንጠጣም ወይ እንደ ማለት ነው።

አሁን የራሳችሁን ፍላጎት ለማያውቃችሁ ሰው ማቅረብ ስትፈልጉስ? ቀጥ ብሎ «ኦኩሪታይ ዴስ»፣ መላክ እፈልጋለሁ ማለት ደረቅ ነው። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሰዎች የሚሉትን ልንገራችሁ፦ «ኤቺኦፒያ ኒ ኒሞትሱ ኦ ኦኩሪታይ ን ዴስ ጋ…»። ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ መላክ ፈልጌ ነበር፤ ግን… እዚህ ላይ ይቆማሉ። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም! የመጨረሻዋ «ጋ» ቅድም ያየናት የባለቤት ምልክት አይደለችም፤ «ግን» የምትል ሌላ «ጋ» ናት። ቀሪውን ለሰሚው ትታለች። ሠራተኛዋም ክፍቱን ዓረፍተ ነገር ተቀብላ «ሃይ፣ ናካሚ ዋ ናን ዴስ ካ» ትላለች፤ እሺ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ፍላጎቱን አኖርኩ፤ እርሷ አነሣችው። በዚህ በ«ታይ ን ዴስ ጋ» ብቻ ባንክ፣ ቀበሌ፣ ባቡር ጣቢያና ዩኒቨርሲቲ ማስመዝገቢያ ውስጥ ጉዳያችሁን ታስፈጽማላችሁ። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ይህ አሠራር የሚገርም ሥራም አለው፤ እምቢ ለማለት ያገለግላል። ቅዳሜ እራት ተጋብዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁ «ኢኪማሴን»፣ አልሄድም አትሉም። «ኢኪታይ ን ዴስ ጋ፣ ሶኖ ሂ ዋ ቾቶ…» ትላላችሁ፤ «ቶ» ይጠብቃል። መሄድስ እፈልግ ነበር፣ ያ ቀን ግን ትንሽ… ከ«ትንሽ» በኋላ ያለውን ማንም አይጠይቃችሁም። «መምጣቱስ ደስ ባለኝ፣ ግን…» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ለትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ የምትቀርቡ ደግሞ «ኒሆን ዴ ቤንኪዮኦ ሺታይ ቶ ኦሞይማስ»፣ በጃፓን መማር እፈልጋለሁ ብዬ አስባለሁ በሉ፤ «ቶ ኦሞይማስ» ፍላጎቱን ሳይቀንስ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል።

የቀረችን አራተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጓደኛዬ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። እዚህ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። ግሡን በ«ቴ» በሚያልቀው መልኩ አስቀምጡና «ሆሺይ»ን ቀጥሉ፤ ሰውየው «ኒ»ን ይይዛል፦ «ቶሞዳቺ ኒ ኪቴ ሆሺይ»። እንዳይሄድ ስትፈልጉ «ኢካናይዴ ሆሺይ» ነው። ይህ ለወዳጅ ይበቃል። ለፕሮፌሰር ግን አይበቃም፤ ለእርሱ ሰውየው የሚያደርግልኝን በትሕትና መቀበል የሚል ግሥ ይገባና ያንኑ «ታይ»ን ይለብሳል፦ «ኢታዳኪታይ»። የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቁበትን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጽፌላችኋለሁ፤ ገልብጡት፦ «ሱይሴንጆኦ ኦ ካይቴ ኢታዳኪታይ ን ዴስ ጋ…»። ደብዳቤውን ሲጽፉልኝ መቀበል ፈልጌ ነበር፣ ግን… «ታይ» አለች፤ ያላለቀችው «ጋ» አለች፤ ሌላው ሰው እንዲያደርግ መፈለግ አለ።

ይህን ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ረዘመ ብላችሁ ሌላ ቃል አትጨምሩ። ፕሮፌሰሩ ፈቃደኛ ከሆኑ የሚቀጥለው ጥያቄያቸው «ኢትሱ ማዴ ኒ?»፣ እስከ መቼ ድረስ? የሚል ነውና የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን በጃፓንኛ አቆጣጠር አጥንታችሁ ግቡ። ቀኖቹ ከአንድ እስከ ዐሥር ድረስ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ እነሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሠራቸዋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ከኋላ በኩል ቅድም እጅሽን ያነሣሽው እህት፣ ከአንቺ እንጀምር።